በጠላ በርሜል ያደረው የባሕር ጭቃ

በመጀመሪያ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። እኅቴ ዝናሽ ነበረች። አባታችን፣ የቤተ እስራኤል ቄስ የሆኑት ቄስ ተሰማ፣ ነበሩ። በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚኖሩት መነኩሲት፣ የወገራዋ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ። ቁልፍ ከወገባቸው የማይለየው የግቢው በር ጠባቂ አባ ገብረ ጽዮንም ነበሩ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። በርሜሉ ውስጥ የነበሩትን ግን ልቁጠር ብል ዕድሜዬ አይበቃኝም።

በዚያን ጊዜ እኔ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ከሠራዊቱ እንደ ወጣሁ መሪ ያዝኩ። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከአባባ የጸሎት መጻሕፍት ላይ ፊደሉን እየለቀምኩ ነው። ሌላውን ሁሉ ያገኘሁት ዕቃ ለማውረድ ወረፋ ስጠብቅ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ካነበብኩት ነው። ብዙ አላወራም። ያልገባኝን ነገር ግን ሳላጣራ ማለፍ አልችልም፤ ዝናሽ በዚህ ትስቅብኛለች።

ዝናሽ ዶክቶራቷን የምትሠራው በባሕር ጭቃ ላይ ነው። ከባሕሩ ወለል በታች፣ በጭቃው ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። ሜቴን የሚባለውን፣ በእሳት ሲነካ የሚነደውን ጋዝ ይሠራሉ። እነዚህን በሕይወት እንዳሉ አምጥታ በጠርሙስ ማሳደግ ነበር ሥራዋ። መርከብ የሚወስዳት እስኪገኝ ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ወጣች፤ ረጅም ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል ሰድደው ጭቃውን እንዳለ፣ ንብርብሩ ሳይናጋ፣ አወጡላት። ቱቦውን ቆራርጠው በሁለት በኩል ከደኑላት። ከሁሉም የምትሳሳው ለታችኛው ቁራጭ ነበር፤ ሜቴን ሠሪዎቹ የሚበዙት እዚያ ነው። አስተማሪዋ "ይህ ካልሆነልሽ ርዕስሽን ትቀይሪያለሽ" ብሏት ነበር። መርከቡ ዳግመኛ እንደማይገኝላት ሁላችንም እናውቃለን።

ጠላታቸው አየር ነው። እኛን የሚያኖረን ኦክስጅን እነሱን ይገድላቸዋል።

አርብ ዕለት እኔ ነበርኩ ከአሽዶድ ወደብ ያመጣኋት። አባባም ከሚኖሩበት ከመቫሰረት ጽዮን አብረውኝ ወረዱ፤ "ልጄ የምትሄድበትን ባሕር ልየው" ብለው። ሰንበታችንን፣ ቅዳሜን፣ እዚያው ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ዝናሽ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ሊያሳልፉ ተስማምተን ነበር። ቱቦዎቹን ከኋላ ጭነን ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት እንደ ጀመርን መኪናው በሽታ ተሞላ። የበሰበሰ እንቁላል ነው የሚሸተው።

አባባ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

"ዝናሽ።"

"አቤት አባባ።"

"ዶክቶራት ያልሽኝ ይኸ ነው?"

"ይኸ ነው አባባ።"

"ይህን ለማሽተት ነው ሳታገቢ የቆየሽው?"

ዝናሽ ሳቀች። "ሽታው ከሜቴኑ አይደለም፤ ሜቴን አይሸትም። ይኸ የጎረቤቶቻቸው ነው።"

"ጎረቤትም አላቸው?"

"አላቸው እንጂ። ከበላያቸው የሚኖሩ አሉ፤ እነሱ የሠሩትን ጋዝ የሚበሉ። ከሥር የሚወጣው ብዙው ውኃው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። እነዚያ ባይበሉት ኖሮ ጋዙ ወደ ሰማይ ወጥቶ ምድርን ያሞቃት ነበር።"

አባባ መንገዱን አዩ። የሰንበት ዋዜማ መንገድ ነው፤ መኪናው ሁሉ ወደ ላይ ይጎተታል። ቱቦዎቹን የምናስገባበትን ቤተ ሙከራ የሚከፍትልን ሰው ሰንበት የሚያከብር ነበር፤ "በጊዜ ካልደረሳችሁ ዘግቼ እሄዳለሁ" ብሎናል። በጊዜ አልደረስንም። ነቢያት ጎዳናን ይዘን ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ስንታጠፍ የሰንበት መግቢያ ጡሩምባ በከተማው ላይ ጮኸ። በቅርብ ያለው የሃይማኖተኞቹ አይሁድ ሰፈር በሰንበት መኪና እንዳያልፍ መንገዱን በብረት አጥር መዝጋት ጀመረ።

"እንግዲህ እስከ ነገ ማታ እኔ ጋ ያድራሉ" አለች ዝናሽ። "ክፍሌ ማሞቂያ የለውም። የካቲት ነው፤ ከባሕሩ ወለል ብዙም የሚሞቅ አይደለም። ክዳናቸው እስከያዘ ድረስ ችግር የለም።"

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከግቢው በር ላይ ቆመው ያዩናል። ዝናሽን በየጠዋቱ ሰላም የሚሏት እሳቸው ናቸው።

"ምን ሞቶባችሁ ነው የተሸከማችሁት?" አሉ።

"ጭቃ ነው እማሆይ።"

"ኢየሩሳሌም ጭቃ ጠፍቶ ከውጭ ታስመጣላችሁ? ደግሞ ይሸታል! እኔ እንኳ ዛሬ ተናድጃለሁ። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ድፍድፍ ደፍድፌ፣ ፈልቶ እንደሆን ልየው ብዬ ጧፍ ወደ በርሜሉ ብሰድ ዋጠብኝ። ደግሜ አበራሁ፤ ደግሞ ዋጠው። ጧፍ የሚበላ ጠላ!"

ሳቅን፤ ዕቃችንን ይዘን ወደ ዝናሽ ክፍል ገባን።

አባባ በሰንበት እሳት አያዩም። ድሮ ጎንደር ሳለን ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋ ነበር፤ ምግቡም ቀዝቃዛ ነው የሚበላው። ዝናሽ የጋዝ ምድጃዋን አጥፍታ አምፖሏን ብቻ እንደ በራች ተወች። አባባ ፊታቸውን ወደ አሮጌው ከተማ አዙረው ጸሎት ጀመሩ። በመስኮቱ የቀረችው ብርሃን ግራጫ ነበረች።

ያኔ ነው "ድው!" ያለው።

የታችኛው ቁራጭ ክዳን ተስፈንጥሮ ቁም ሳጥኑን መታ፤ ወድቆም ለሁለት ተሰነጠቀ። ጭቃው በባሕሩ ሥር ሳለ የውኃው ክብደት ተጭኖት ጋዙን አምቆ ይይዛል። ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ያ ጥቁር ጭቃ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሊጥ ከዕቃው ኩፍ ብሎ እንደሚወጣ ቀስ ብሎ ከቱቦው አፍ ብቅ አለ። ውስጡ ሲሰነጣጠቅ ይሰማል፤ ጥጥ፣ ጥጥ፣ ጥጥ።

ዝናሽ ፕላስቲክ ከረጢት አፉ ላይ ደፍታ በሁለት እጇ ያዘችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋዙ አለቀብኝ እኮ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከመርከቡ የሰጧትን፣ አየሩን የሚያባርርላትን የናይትሮጅን ብልቃጥ ማለቷ ነው። መንገድ ላይ ጨርሳዋለች። "ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ነው። በጭቃው ስንጥቅ እየገባ ነው።"

"ደውይለት።"

ደወለች። የቤተ ሙከራው ሰው ስልኩ ጠፍቷል። ሰንበት እስኪወጣ አይከፍተውም።

"እስከ ነገ ማታ ይቆያሉ?"

"አይቆዩም።" ቱቦውን እንደታቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "በኢየሩሳሌም ሁሉ አየር የሌለበት ቦታ የት አለ?"

"ጧፉ" አልኳት እኔ።

"በርሜሉ!" አለች እሷ፤ ከአፌ የነጠቀችኝ ያህል። ጠላ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከአየር ስለሚከብድ በርሜሉ ውስጥ እንደ ውኃ ይተኛል፤ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ጧፉን የበላው እሱ ነበር።

ዘወር ስትል አባባ ጸሎታቸውን አቁመው ያዩናል።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"እማሆይ ጋ አባባ። ግቢው ውስጥ።"

"ሰንበት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።"

"አውቃለሁ አባባ።"

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በጎንደር የእኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች ከሌላው ጋር ከተነካኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ነበር። ጎረቤቶቻችን "አትንኩኝ" ይሉን ነበር። አባባ ቄስ ናቸው፤ እዚህ አገር ከገባን በኋላም ያንን በልባቸው ይዘውት ነበር። በዕድሜያቸው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው አያውቁም።

አባባ ወደ ቱቦው ጎንበስ አሉ። "ነፍስ አላቸው?"

"አላቸው።"

"ዓይን አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ደም?"

"የላቸውም አባባ። ግን ይበላሉ፤ ይወልዳሉ፤ ይሞታሉ። በጣም ቀስ ብለው ነው የሚኖሩት። እነሱን ለመፍጀት የሚያስፈልገው ግን ይህ እኛ የምንተነፍሰው ብቻ ነው።"

"አየር እንዴት ነፍስ ይገድላል?"

"ዓለም እንዲህ አልነበረም። እነሱ ሲጀምሩ ኦክስጅን የሚባል አልነበረም። ምድር የነሱ ነበረች። በኋላ አየሩ ተለወጠ፤ ለነሱ መርዝ ሆነ። ያኔ አየር ወደማይደርስበት ወረዱ። ጭቃ ውስጥ። ከባሕር ሥር።"

"ተሰደዱ በይኛ።"

"ተሰደዱ።"

"እስከ ዛሬም አልተነኩም።"

"የተነኩት ሞተዋል። ያልተነኩት አሉ።"

አባባ ጆሯቸውን ወደ ቱቦው አስጠጉ። ጭቃው ጥጥ ይላል። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ።

"እንግዲያስ አትንኩኝ እነሱ ናቸው" አሉ በመጨረሻ፤ ሳቅም ለቅሶም በሚመስል ድምፅ። "እኛማ ቀልደናል።" ከዚያ ተነሡ። "ሰንበት እናት ናት። ነፍስ ሲጠፋ ካየች ራሷ መንገድ ትለቃለች። ያዢው። አንተም ከሥር ያዝ። እንዳታጋድሉት።"

መንገዱን ተሻገርን። አባ ገብረ ጽዮን በሩን ሊዘጉ ነበር።

"ኧረ ምን ይዛችሁ ነው! ምንድን ነው እሱ?"

ዝናሽ አፏን ሳትከፍት አባባ ከኋላዋ መለሱ፤ "ነፍስ ነው አባ።"

አባ ገብረ ጽዮን አዩአቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አዩ፤ የቤተ እስራኤል ቄስ መሆናቸው ገባቸው። ዝናሽና እኔ ቱቦውን ይዘን አለፍን። አባባ ደጁ ላይ ቆሙ። ዘወር ስል አባ ገብረ ጽዮን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሲሏቸው አየሁ። አልሰማሁትም። የሰማሁት የአባባን እርምጃ ነው፤ ከኋላዬ፣ በግቢው ድንጋይ ላይ።

እማሆይ በርሜሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው ምድር ቤት አስቀምጠውታል። ዝናሽ ስትነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ጭቃሽን ጠላዬ ውስጥ?"

"ጠላው ውስጥ አይገባም እማሆይ። ከድፍድፉ በላይ፣ ባዶው ላይ ይንጠለጠላል። ግን... ሽታው ጠላውን ሊይዘው ይችላል። አልዋሽዎትም።"

"ሽታውማ ቀድሟችሁ ገብቷል! ንግሥ ነው እኮ ልጄ። ለኪዳነ ምሕረት ምን እላታለሁ?"

"እማሆይ" አሉ አባባ ከበሩ ላይ። "ወገራ ነው አሉ አገርዎ።"

"ወገራ ነኝ።"

"እናትዎ ጠላ የሚጠምቁበትን ጋን ማን ነበር የሚሠራላቸው?"

እማሆይ በርሜሉን ዳሰሱ። ከዚያ "የእናንተ ሴቶች ነበሩ" አሉ ቀስ ብለው። "ጋኑን እንወስድ ነበር፤ እነሱን ግን... ቡዳ ናቸው እያልን ከቤት አናስገባም ነበር።"

"እኛም አንገባም ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያኔ እኛ ጋኑን ሠራንላችሁ፤ ዛሬ እናንተ አንድ ሌሊት አውሱን።"

"ጋን መቼ አለኝ፤ ይኸ የፕላስቲክ በርሜል ነው" አሉ እማሆይ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ወዲያው ድምፃቸው ተመለሰ። "በሉ ምን ቆማችሁ! ክዳኑን ማን ያንሣልኝ? እመቤቴ እንደሆነች በቃና ሰርግ ወይን ሲያልቅ አይታለች፤ እኔ እነግራታለሁ።"

ዝናሽ መጀመሪያ ጧፉን ጠየቀች። አባባ እሳቱን ላለማየት ፊታቸውን ሲያዞሩ እማሆይ አብርተው በክር አስረው ወደ በርሜሉ ቀስ አድርገው፣ እንደ ባልዲ ወደ ጉድጓድ፣ አወረዱት። ነበልባሉ ከበርሜሉ አፍ ትንሽ እንደ ወረደ፣ ማንም እፍ ሳይለው፣ ጠፋ። ጭሱ እንኳ ወደ ላይ አልወጣም፤ እዚያው ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ፤ የማይታየው ነገር ገጽ የት ላይ እንደሆነ በጭሱ አየነው።

"ከዚህ በታች እኛ ብንገባ እንሞታለን" አለች ዝናሽ። "እነሱ ግን ቤታቸው ነው።"

ቱቦው ከባድ ነበር፤ አፉም ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ዝናሽ ከረጢቱን ይዛለች። እኔ ከላይ በገመድ ያዝኩ። መካከሉን የሚይዝ ጠፋ። እማሆይ በአንድ በኩል ያዙ። አባባ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ በሌላው በኩል ያዙ። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ የአባባ ጣቶች በእማሆይ ጣቶች ላይ ዐረፉ። ቱቦው ወረደ፤ ዝናሽ እጇን ሰድዳ ከረጢቱን አወጣች፤ እማሆይ ክዳኑን ገጥመው ዙሪያውን በሊጥ መረጉት።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ዝናሽ ምንም አልበላችም። እኔ ምድር ቤቱ እየሄድኩ ጆሮዬን በርሜሉ ላይ እለጥፍ ነበር። እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ድምፅ ይሰማል። ከጭቃው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ከጠላው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን እየሰማሁ ስለ ጭቃው አስብ ነበር። በሕይወቴ መሬት ስረግጥ ከእግሬ በታች ያለው ያለቀለት፣ የሞተ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ ከባሕሩ በታች፣ ፀሐይ ወጣች ጠለቀች የማይባልበት፣ የሚበላ፣ የሚተነፍስ፣ ለጎረቤቱ የሚተርፍ ዓለም አለ። እኛ ሳንኖርም ነበር። እኛን አያውቀንም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አባባ በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ከእማሆይ ጋር ስለ ወገራ ገብስ ሲያወሩ አገኘኋቸው። ወጣሁ።

ከዋክብት እንደ ታዩ ሰንበት ወጣ። ዝናሽ ወዲያው ደወለች፤ ሰውየው አነሣ፤ "እየመጣሁ ነው" አለ። እሱን ስንጠብቅ ከሌሎቹ ቁራጮች አንዱን፣ ክዳኑ ያልተከፈተውን፣ ወደ ግቢው አወጣችው። ክዳኑ አብጧል።

"አባባ፣ ይህን ይዩ" አለች። በሐኪም መርፌ ክዳኑን ወጋች፤ ስስ ፉጨት ተሰማ። "ክብሪት ስጡኝ።"

ያበራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ምንም የነደደ አልመሰለኝም። አባ ገብረ ጽዮን የበሩን መብራት አጠፉልን፤ ያኔ ታየ። በመርፌው ጫፍ ላይ የጤፍ ቅጠል የምታህል ሰማያዊ ነበልባል ቆማለች። ከባሕር ሥር፣ ብርሃን ከማያውቅ ጭቃ፣ ብርሃን ወጣ። ጭስ የላት፤ ድምፅ የላት። አምስታችንም እንደ ሕፃን ዙሪያዋን ጎንበስ ብለን ቀረን። እማሆይ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ትጠፋብናለች ብለው ነው መሰል፣ በእጃቸው ያዙት።

አባባ ከሰንበት በኋላ ያዩት የመጀመሪያ እሳት ነበር። "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል" አሉ በግእዝ። አባ ገብረ ጽዮን ከአጠገባቸው "አሜን" አሉ። ነበልባሏ ዝቅ፣ ዝቅ ብላ ጠፋች።

ለጠንቃቃ አንባቢ ይህን ልጨምር። ያ ነበልባል ጋዙ መኖሩን እንጂ በርሜል ያደሩት በሕይወት መኖራቸውን አያሳይም። እሱን ለማወቅ ዝናሽ የጭቃውን ዳር ቆርጣ ጥላ መሐሉን በጠርሙስ አስገብታ ሳምንታት ጠበቀች። አንድ ቀን ወረፋ ይዤ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

"እየሠሩ ነው" አለችኝ። "ጠርሙሱ ውስጥ ሜቴን እየጨመረ ነው።" አባባ ሲሰሙ ያሉት "ለእማሆይ ንገሩልኝ" ብቻ ነው። ጠላውስ? የንግሡ ዕለት አንዳንዱ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የጠጣው። እማሆይ "የባሕር በረከት አለበት፤ ዝም ብለህ ጠጣ" ይሉ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ዛሬም መኪና እነዳለሁ። ወደ አሽዶድ ስወርድ ግን ባሕሩን እንደ ድሮው አላየውም። ውኃው እንደ ክዳን ነው የሚታየኝ፤ ከሥሩ የሚጠበቁ አሉ። ብዙ ነገር የሚኖረው ማንም ሳይነካው ነው። አንዳንድ ነገር ደግሞ እንዲኖር፣ ነክቶ የማያውቅ እጅ ሌላውን እጅ መንካት አለበት። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያን ቀጭን ቱቦ የያዙትን ጣቶች አይቼ ነው።

ያየሁትን ጽፌያለሁ፤ ያልሰማሁትን አልፈጠርኩም። ዝናሽ፣ ጭቃውን ሳልረዳ የጻፍኩት ካለ አርሚኝ። እማሆይ፣ ያን ቀን ከአባባ ጋር ከገብሱ ሌላ የተጫወታችሁት ካለ ጨምሩበት። አባ ገብረ ጽዮን አሁን በአሮጌው ከተማ ባለው በዴር ሡልጣን ገዳም ናቸው። ደጁ ላይ በአባባ ጆሮ ያሉትን አባባን ብጠይቃቸው "እሳቸውን ጠይቅ" አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ብወጣ ስቀው "አባትህን ጠይቅ" አሉኝ። አባ፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ እባክዎ ይጻፉልን። ያ ቃል አባቴን ያሻገረ ቃል ነውና፣ የሚያውቀው ሰው እሱን ይጨምርበት።